ሴንሰሩን ከመንቀላችሁ በፊት

የዕቃ ሳጥኔ ክዳን ላይ በሽቦ የታሰረ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። ጋራዥ አዲስ የገባ ልጅ ሁሉ «ጋሼ፣ ይሄ የተበላሸ ነው?» ይለኛል። አልተበላሸም። ምንም አልሆነም። የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በሰው ገንዘብ።

አንዲት ነርስ ኮሮላ ይዛ መጣች። ሞተሩ 1ዜድዜድ ነው። «ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ መብራትም አብርቷል» አለችኝ። ስካነር ሰካሁ፣ ፒ0171 አወጣ። ትርጉሙ ከአየሩ አንጻር ነዳጁ አንሷል ነው። ቤንዚን በልኩ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል፤ አየሩ ከዚህ ሲበልጥ ሞተሩ ይራባል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲዞር) ይንዘፈዘፋል፣ ነዳጅ ሲረግጡበት ያመነታል። ይህን የሚያሳብቀው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነውና እሱን ቀየርኩት። በ3ኛው ቀን ተመለሰች። የነዳጅ ፓምፕ ቀየርኩ። አሁንም ተመለሰች። ሴትዮዋ «ጠዋት ጠዋት» ማለቷን አንድም ቀን አልተወችም፤ እኔ ግን መኪናውን የማየው ሁልጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ፣ ከተማውን አቋርጦ ሞተሩ በደንብ ከጋለ ወዲያ ነበር።

በመጨረሻ አፈርኩና በታህሳስ ብርድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። መኪናው ሌሊቱን እንደቆመ አስነሳሁት። ሴንሰሩ ሞቆ ሥራ እስኪጀምር ትንሽ ጠበቅኩና ስካነሩ ላይ ፊውል ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር ከፈትኩ። የአጭር ጊዜው 9፣ የረጅም ጊዜው 17። ሁለቱን ነው የምትደምሩት፣ አንዱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ኮምፒውተሩ 26 በመቶ ነዳጅ እየጨመረ ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ሲግል የአጭሩ ወደ 12 ኔጌቲቭ ወረደ፣ ድምሩ 5 ላይ ቆመ። ለካ እኔ ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ሆኖ ነው! በማግስቱ ጠዋት ገና ሳይግል በኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) መጋጠሚያ ላይ ካርቡራተር ማጽጃ ጠብ አደረግኩ፣ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። መጋጠሚያውን የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ደርቋል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና አየር ያስገባል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይደፍናል። በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ በሽታ ነው። (ማጽጃው እሳት ይይዛል። የጋለ ኤግዞስት አጠገብ እንዳትረጩት፣ እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር። ቅንድቡ የተቃጠለ ልጅ አውቃለሁ።)

እንግዲህ ልጆች፣ መኪናው ሲገባ መጀመሪያ «መቼ ነው?» በሉ። ከዚያ ሚኒሞ ላይ የትሪሙን ድምር ያዙና ወደ 2500 ዙር አንሱት። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ በዙር የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው፤ ቀዳዳው ያው ነው፣ ሞተሩ የሚውጠው አየር ሲበዛ ግን ከቁም ነገር አይገባም። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ አየር የሚስብ ቱቦ ስትፈልጉ አትዋሉ። ወይ ነዳጅ አይደርሰውም፣ ወይ የአየር መለኪያው ቆሽሾ አሳንሶ ያነባል። ጌጅ አስገቡና የነዳጁን ግፊት እዩ፤ በዚህ ሞተር ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ መሆን አለበት። እኔ ያን ፓምፕ የቀየርኩት ሳልለካ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትስቱት ሌላ ነገር አለ። ማፍ (የአየር መለኪያው) ያለውና ማፕ (የማኒፎልድ ግፊት መለኪያ) ያለው መኪና አንድ አይደሉም። ማፍ አየሩን በር ላይ ይቆጥራል፣ ከበሩ ኋላ ሾልኮ የገባውን አያውቀውም፣ ስለዚህ ነዳጅ ያንሳል። ማፕ ግን የሚያነበው ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሆነ ሾልኮ የገባውንም ያየዋል፣ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ እዚያ የምታዩት ብዙውን ጊዜ የሚኒሞ ከፍ ማለት ነው። ስለ ማፕ ካነሳን፣ ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ አዲስ አበባ ላይ 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል ቢያሳያችሁ ትክክል ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት 101 የባሕር ዳርቻ አገር ቁጥር ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ማፕ ነቅሎ ሱማሌ ተራ ሌላ ሊገዛ የወጣ ልጅ ከበር መልሼ አውቃለሁ።

ኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ የሚለካው ስሙ እንደሚለው ኦክስጅን ነው፣ ነዳጅ አይለካም። ከሱ በፊት ኤግዞስቱ ቢሸነቆር የውጭ አየር ይገባና «ነዳጅ አነሰ» ይላል። አንድ ካንዴላ ባይተኩስም ያልተቃጠለው አየር አልፎ ያው ወሬ ይመጣል። በሁለቱም ጊዜ ሴንሰሩ ያየውን ነው የሚናገረው።

ጓርኒሲዮኑን ቀይሬ ኮዱን አጠፋሁ። ኮዱ ሲጠፋ የድሮው ትሪምም ከዜሮ ይጀምራል። ሳምንት ከነዳች በኋላ ጠዋት ሄጄ ሳየው ድምሩ 3 ነበር። የፓምፑንና የሴንሰሩን ዋጋ በሦስት ጊዜ ከፍዬ ጨረስኩላት። አሮጌው ሴንሰር ደህና ስለሆነ ልመልስልሽ ብላት ሳቀችና «አንተው ጋ ይቀመጥ» አለችኝ።