ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ባለ ሦስት ሊትር የውሃ ቦርሳ ለኩላሊቴ ይበቃዋል?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው፤ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር በየካ ጫካና በእንጦጦ ተራራ ላይ አራት አምስት ሰዓት እንሮጣለን። ታላቅ ወንድሜ የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። አንድ የቡድናችን ልጅ «በሰዓት አንድ ሊትር ካልጠጣህ ኩላሊትህ ይደርቃል» ስላለኝ ባለ ሦስት ሊትር የጀርባ የውሃ ቦርሳ ልገዛ አስቤያለሁ። ባለፈው ወር ባለ ሁለት ሊትሩን ጨርሼ ሌላ ሁለት ሊትር መንገድ ላይ ገዝቼ ብጠጣም፣ ስንጨርስ ራሴን አመመኝ፣ አስመለሰኝ፣ ጣቶቼም አበጡ። ለጉልበቴ ሕመም ከሩጫ በፊት ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እወስዳለሁ። ሦስት ሊትር ይበቃኛል?

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ የጻፉልኝ ስለ ቦርሳ ቢሆንም እንቅልፍ የነሳዎት የወንድምዎ ሕመም እንደሆነ ይገባኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው ሲሮጥ ለጥቂት ጊዜ ቢጠማው ኩላሊቱ አይደርቅም። ውሃ ሲያንስ ሽንትን አወፍሮ ውሃ መቆጠብ የኩላሊት የዘወትር ሥራ ነው። ሰውን ለእጥበት ከሚዳርጉት ግንባር ቀደሞቹ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው፤ ሁለቱም ለዓመታት ሳያሳምሙ ይቆያሉ። ወንድምዎ በምን ምክንያት እንደታመሙ ይጠይቁ። እርስዎም የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ክሬቲኒንዎን (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የደም ልኬት) ይለኩ፤ ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩንም ያስመርምሩ። ስጋትዎን የሚመልሰው ይህ ምርመራ እንጂ የቦርሳው ስፋት አይደለም።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ጣት ማበጥ ብቻውን በብዙ ሯጮች ላይ የሚታይ ቀላል ነገር ነው። ያን ሁሉ ውሃ ከጠጡ በኋላ ከራስ ምታትና ከትውከት ጋር ሲመጣ ግን ችግሩ የውሃ ማነስ ሳይሆን የውሃ መብዛት ሊሆን ይችላል።

እንዴት ቢሉ፣ ለሰዓታት ስንሮጥ ሰውነታችን ቫሶፕሬሲን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም ኩላሊት ውሃን እንዳያስወጣ ያዘዋል። ያን ጊዜ ሳይጠማን የምናንቆረቁረው ውሃ መውጫ አጥቶ ደማችንን ያቀጥነዋል፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም የደም ጨው፣ በሊትር ከ135 ሚሊሞል በታች ይወርዳል። ውሃው ወደ ሕዋሳት ሲገባ አንጎል ያብጣል፤ የራስ ቅል ደግሞ ለሚያብጥ አንጎል ቦታ የለውም። ራስ ምታትና ትውከት መጀመሪያ ይመጣሉ፤ ከዚያ መዘባረቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይከተላል። ሰው ይሞትበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩ 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ውጤቱ በ2005 ታትሟል። ችግሩ በብዛት የታየው ከአራት ሰዓት በላይ በፈጀባቸውና ሲጨርሱ ክብደታቸው ጨምሮ በተገኙት ላይ ነው። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ለመጠጣት ጊዜ አለው፤ እርስዎም አራት አምስት ሰዓት እየሮጡ በሰዓት አንድ ሊትር ሲሉ እዚያው መንገድ ላይ ነዎት።

«የስፖርት መጠጥ እጠጣለሁ» ቢሉኝም አይሆንም፤ ጨዉ ከደም ጨው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሲበዛ እሱም ደምን ያቀጥናል። «አፌ ይደርቃል» ቢሉኝ ደግሞ እውነት ነው፤ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው የእንጦጦ ጫፍ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። አፍ መድረቅና ጥማት ግን ይለያያሉ። በአንድ ጉንጭ ውሃ አፍዎን ያርሱ፤ ጥማቱ ከቀጠለ ይጠጡ፤ ሲረኩ ያቁሙ። ሚዛን ካለዎት ከመውጣትዎ በፊትና ሲመለሱ ይመዘኑ። አንድ ኪሎ ያህል ቀንሶ መመለስ ጤናማ ነው፤ ጨምሮ መመለስ ግን ከመጠን በላይ ጠጥተዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርዎ። እንዲህ አሞት የወደቀን ሯጭ «ደክሞት ነው፣ ግሉኮስ ይሰጠው» ብሎ ወደ ቅርብ ክሊኒክ መውሰድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ተራ ግሉኮስ በደም ሥር ሲገባ ስኳሩ ይቃጠልና የሚቀረው ውሃ ነው፤ ያበጠ አንጎል ላይ ውሃ መጨመር ነው። የቡድንዎ አባላት የተዘባረቀ ወይም ደጋግሞ የሚያስመልሰው ሰው ካዩ ውሃ አይስጡት፤ የድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ያድርሱትና «ብዙ ውሃ ጠጥቷል፣ ሶዲየሙ ይለካ» ይበሉ።

አሁን ስለ ዲክሎፌናኩ። ለኩላሊትዎ ይህን ያህል እየተጨነቁ ከሩጫ በፊት እሱን መዋጥ ምን ይባላል? ስንሮጥ ደም ወደ እግር ጡንቻ ስለሚሄድ ለኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያንኑ የበለጠ ይቀንሱታል፤ ውሃ እንዳይወጣም ያግዛሉ። ያለ ማዘዣ ስለተገኘ መድኃኒቱ ከረሜላ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት። ክኒን ካልዋጠ መሮጥ የማይችል ጉልበት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ራስዎን አሞዎት፣ አስመልሶዎት፣ ወር ሙሉ ሳይታዩ መቆየትዎም አግባብ አይደለም፤ ያን ቀን ነበር መሄድ የነበረብዎ። ወደፊት ከሩጫ በኋላ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረም በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።

ወደ ቦርሳው ስንመለስ፣ ሦስት ሊትሩን ይተዉት። ሦስት ሊትር ሦስት ኪሎ ነው፤ ለሚያምዎት ጉልበትም ሸክም ነው። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ይበቃዎታል፤ ካለቀ የሚገዙበት ሱቅ አለ። እኔ የምመርጥልዎ ግን ደረት ላይ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ለስላሳ ጠርሙሶች የሚይዘውን ሰደርያ መሰል ዓይነት ነው፤ ከጀርባ በቱቦ ሲጠጡ ምን ያህል እንደጠጡ አያውቁም፤ ጠርሙሱን ግን ያዩታል። ሲገዙ ውሃ ሞልተው ይልበሱትና ይዝለሉ፤ ከትከሻ በታች ተጣብቆ ካልተቀመጠና ወዲያ ወዲህ ከተናጠ ቆዳዎን ይልጠዋል። የደረቱ ማሰሪያ ታስሮ በረጅሙ መተንፈስ መቻል አለብዎት። ቱቦ ያለውን ከመረጡ የውሃ ከረጢቱ አፍ ሰፊ ይሁን፤ እጅ ካልገባበት አይጸዳም፤ በቱቦው ውስጥ የሚታየው ጥቁር ነገር ሻጋታ ነው። ከቀበና ወንዝም ሆነ ከተራራው ከሚወርዱ ጅረቶች፣ ጥርት ብለው ቢታዩም፣ አይቅዱበት፤ ታይፎይድና ጃርዲያ በዓይን አይታዩም።

ምርመራዎቹ እስኪጠናቀቁ ሩጫዎን ከአንድ ሰዓት አያሳልፉ። ለአንድ ሰዓት ሩጫ ቦርሳም አያስፈልግዎትም፤ ቁርስዎን በልተው፣ ሲጠማዎት ጠጥተው ይውጡ። ለሐኪሙ የዲክሎፌናኩን ማሸጊያ ይዘውለት ይሂዱ፤ በሳምንት ስንት እንደሚወስዱም ሳይደብቁ ይንገሩት።