አካባቢን ለይቶ ማልማት ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። አንድን አካባቢ ለይቶ የሚያለማ መሥሪያ ቤት ማቋቋም የት ተጀመረ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለብዙ አገር አርአያ የሆነው የአሜሪካው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ሲቋቋም አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት ተመትቶ ነበር። ሸለቆው ሰባት ግዛቶችን ይነካል፤ ወንዝ ደግሞ ወሰን አያውቅም፤ ስለዚህ ግድቡን፣ መብራቱን፣ ጎርፍ መከላከሉን፣ ማዳበሪያውንና የተሸረሸረውን አፈር ሁሉ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲይዘው ተደረገ።

እኛም ጋ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ለእናንተም ሩቅ አይደለም፣ በምንጃር ጠርዝ የሚወርደው ከሰም የሚገባው አዋሽ ውስጥ ነው። በመስኖው ጥጥና ሸንኮራ አገዳ ተመረተ። ግን የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበትን ሣር ያለበት መሬት ተነጠቀ፤ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ መሬቱ ባዶ ተብሎ ሲታቀድበት ባለቤቱ እዚያው ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አርሲ ላይ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። እሱ የተነሣው ከትንሹ ገበሬ ነው፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር ይዞ። ለእኔ የተሻለው መንገድ ይሄ ነው።