«ካፒታል ከየት ላምጣ» ለምትሉኝ ልጆች

ከ30 ዓመት በላይ የሰው ሂሳብ ስመረምር ነው የኖርኩት፣ ሲከፈት ያየሁት ድርጅት ብዙ ነው ሲዘጋም ያየሁት እንደዛው፣ ለዛ መሰለኝ ቢዝነስ ልትጀምሩ ስታስቡ ወደኔ ብቅ የምትሉት። ደስ ይለኛል እውነቴን ነው። ግን አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ካፒታል ከየት ላምጣ? እኔ ደግሞ መልሼ «ስንት ቢጠፋባችሁ ትችሉታላችሁ?» ስላችሁ ዝም ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ ገና ሳልጀምር ለምን ያሟርትብኛል ብላችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ሟርት አይደለም ልጆቼ፣ የሥራው መሰረት እሱ ስለሆነ ነው።

ኢንተርፕረነር ለሚለው ቃል፣ የራሱን ቢዝነስ ለሚጀምር ሰው ማለት ነው፣ ኢኮኖሚክስ ውስጥ ቀድመው ትርጉም ከሰጡት ሰዎች አንዱ ሪቻርድ ካንቲሎን ነው፣ ትውልዱ አየርላንድ ሆኖ ፓሪስ ውስጥ በባንክ ሥራ የከበረ ሰው፣ ጽሑፉ የታተመው ግን ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1755 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ እንዳየው ይሄ ሰው ዛሬ በሚታወቅ ዋጋ ይገዛል ነገ በማይታወቅ ዋጋ ይሸጣል፣ በቃ። ቀላል ይመስላል አይደል? ስንት መዝገብ ሳገላብጥ ያየሁት ጭንቀት ሁሉ ግን እዚህች ውስጥ አለ። የሽያጩን ነገር ማንም አያውቀውም፣ ኤክሴል ላይ የ5 ዓመት ሽያጭ ደርድራችሁ ብታመጡልኝም ግምት ነው። በእጃችሁ ያለው፣ ዛሬ ልትወስኑት የምትችሉት፣ የምታወጡት ነው። ገደብ የሚበጀውም እዛ ላይ ነው።

ሳራስ ሳራስቫቲ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ ልምድ ያላቸውን 27 የኩባንያ መስራቾች አንድ ገና የሚጀመር ቢዝነስ ሰጥታ እያንዳንዱን ውሳኔ ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲሠሩት አደረገች። ብዙዎቹ ከገበያ ትንበያ አልተነሱም። ከእጃቸው ነው የተነሱት፣ እኔ ማን ነኝ፣ ምን አውቃለሁ፣ ማንን አውቃለሁ፣ ከዛ ደግሞ ይሄ ባይሳካ የምችለው ኪሳራ ስንት ነው። ሰው ሁሉ ኢንተርፕረነር ማለት ሪስክ የሚወድ ደፋር ይመስለዋል፣ እኔ ያየኋቸው ጎበዞቹ ግን ኪሳራቸውን አስቀድመው የሚለኩ ናቸው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከስሬ ነው። በ34 ዓመቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ለትናንሽ ነጋዴዎች የሚሆን የሂሳብ ሶፍትዌር እንሥራ ተባባልን፣ 14 ወር ፈጀብን። ለማን አሳየነው? ለጓደኛ፣ ለዘመድ፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም አሪፍ ነው በርቱ አሉን፣ እኛም ያንን እንደ ገበያ ጥናት ቆጠርነው። ገንዘቡ ሲሳሳ «አንድ ወር ብቻ» እያልን ከቁጠባችን እናወጣለን፣ አንድ ወር ብቻ፣ ስምንት ጊዜ ነው እንደዛ ያልነው። ለባለቤቴ ስንት እንደወጣ አልነገርኳትም ነበር፣ እስካሁን ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ስለዚህ ስንት ቢጠፋባችሁ እንደምትችሉ ያቺን ቁጥር ስትወስኑ ብቻችሁን አትወስኗት፣ ኪሳራው የሚነካው ሰው ሁሉ ይወቃት፣ በወረቀት ትጻፍ፣ ቀንም ይኑራት።

ሶፍትዌሩ ተጠናቀቀ፣ የገዛን ሰው የለም። ከዛ በኋላ ነው አንዲት በዕድሜ የሚበልጡኝ ነጋዴ ጋ ሄጄ እባክዎ ሂሳብዎን እንዴት እንደሚይዙ ያሳዩኝ ያልኳቸው። ደብተር አወጡ፣ ጠርዙ ያለቀ፣ በላስቲክ የታሰረ። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ሰው ለሳቸው የሚከፍለው ነው፣ በሰማያዊ እሳቸው የሚከፍሉት፣ ከየስሙ ጎን ቀን አለ፣ ቀኑ ያለፈበት ቀይ ስም ስሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ትርፍ የሚል ቃል ደብተሩ ውስጥ የትም የለም። ጠዋት የሚያዩት ዛሬ ማን ይከፍለኛል፣ ዛሬ ለማን እከፍላለሁ የሚለውን ብቻ ነው። የኛ ሶፍትዌር የእርጅና ተቀናሽ፣ ዕቃ ባረጀ ቁጥር ከዋጋው የሚቀነሰውን፣ ያሰላል፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ያወጣል፣ ያቺን አንድ ገጽ ግን የለውም። 14 ወር ሙሉ አንዲት ጠዋት እንኳ ሄጄ ከጎናቸው ብቀመጥ ኖሮ!

ደግሞ ሴትዮዋ ልክ ነበሩ እኮ። በ100 ገዝታችሁ በ130 በዱቤ ብትሸጡ ወረቀት ላይ 30 አትርፋችኋል፣ ገዢው የሚከፍላችሁ ከ60 ቀን በኋላ ሆኖ አቅራቢያችሁ በ30 ቀን ከፈለገ ግን መሀል ላይ ያለውን አንድ ወር የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ሽያጩ በእጥፍ ሲያድግ ያ ክፍተትም በእጥፍ ያድጋል፣ ለዛ ነው ትርፋማ የሆነ ድርጅት ሽያጩ በደራበት ወር ደመወዝ መክፈል አቅቶት ሲወድቅ የምታዩት። እንደዚህ የሆነ ድርጅት ስንቱን አየሁ መሰላችሁ፣ ባለቤቶቹ ሰነፎች አልነበሩም፣ ትርፍና ካሽ አንድ መስሏቸው ነው። ወጪና ገቢያችሁን በየሳምንቱ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ አካውንታንት ብትቀጥሩም ራሳችሁ እዩት።

ገበያውን በትንሽ ወጪ መጠየቅ እንደሚቻል ማየት ከፈለጋችሁ ዛፖስ የሚባለውን ጫማ በኢንተርኔት የሚሸጥ የአሜሪካ ድርጅት የጀመረውን ኒክ ስዊንመርንን እዩት። በ1999 እ.ኤ.አ. ሰው ሳይለካው ጫማ በኢንተርኔት ይገዛል ወይ የሚለውን ማወቅ ፈለገ። መጋዘን አልተከራየም፣ ስቶክ አልገዛም፣ የጫማ መደብሮች ሄዶ ፎቶ አነሳ፣ ፎቶውን ኦንላይን ለጠፈ፣ ሰው ሲያዝ ከመደብሩ በዛው ዋጋ እየገዛ ላከ። እንደዛ ትርፍ አይገኝም፣ ግን የፈለገውን መልስ አገኘ። በርቱ ማለትና ከኪስ አውጥቶ መክፈል በጣም ይለያያሉ፣ እባካችሁ ይሄን ያዙልኝ።

ሽርክናን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ጓደኛም ቢሆን ወንድምም ቢሆን ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለውና አንዱ ልውጣ ቢል ምን እንደሚሆን ፍቅር ሳለ በጽሑፍ አድርጉት። ቆይ ይደርሳል አትበሉ።

እኔና ጓደኛዬ ቀሪ አንድ ወር ከግማሽ የሚሆን ገንዘብ ነበረን፣ በዚህ ጊዜ ከዚህ አናልፍም ብለን ቁጥሩን ጻፍን፣ ባለቤቴም አየችው። የሴትዮዋን ደብተር የመሰለች አንዲት ገጽ በወረቀት ስለን ወሰድንላቸው፣ ኮዱ ገና አልተነካም። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩዋት፣ ቀኑ ያለፈበት ራሱ ቀልቶ ይታያል ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ አዎ አልኳቸው፣ ከዛ መሳቢያቸውን ከፍተው የዋጋውን ግማሽ ቆጥረው ሰጡኝ፣ የኔንም ስም ደብተራቸው ላይ በሰማያዊ ጻፉት፣ ከጎኑም ቀሪውን የሚከፍሉኝን ቀን።