ቴሲስ በሊብሬኦፊስ፦ እኔን ያየህ ተጠንቀቅ

"የአማርኛ ቴሲሴን በሊብሬኦፊስ እየጻፍኩ በዶክኤክስ ሴቭ ባደርገው ችግር አለው?" ላልከው ወንድሜ፦ አለው እንጂ! ሊብሬኦፊስ እንደ ወርድ ያለ ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው፣ ዶክኤክስ (.docx) ደግሞ የወርድ የፋይል ዓይነት ነው። ይሄ ነገር እኔን አራት ጥራዝ አስጥሎኛል።

1. የምትሠራበት ፋይል ኦዲቲ (.odt) ይሁን። የሊብሬኦፊስ የራሱ ፎርማት ነው። አሠራሩ ለማንም ክፍት ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ስታንዳርድ ሆኗል። "ዶክኤክስም እኮ በ2008 ሆኗል" የሚልህ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ግን ዶክኤክስ ሁለት ዓይነት አለው። ወርድ ላይ ዝም ብለህ ሴቭ ስትል የምታገኘው የድሮ ፋይሎችን ኮተት የተሸከመውን ነው። ሊብሬኦፊስ ደግሞ ያን ኮተት ሁሉ ልክ እንደ ወርድ አይረዳውም።

2. ለፕሪንት ቤት ፒዲኤፍ ብቻ ስጥ። ፎንቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል። እኔ ይሄን ማን ይንገረኝ! በመጨረሻው ቀን ዶክኤክሱን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። የጻፍኩበት አቢሲኒካ ፎንት እነሱ ኮምፒውተር ላይ የለም። ወርድ በሌላ የአማርኛ ፎንት፣ በናይላ ተካው፣ መስመሩ ተንሸራተተ፣ 112 ገጽ የነበረው 119 ሆነ። ቸኩዬ ስለነበር አላየሁትም። አሳትሜ፣ አስጠርዤ፣ እየሮጥኩ ቢሮ ደረስኩ።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ማውጫውን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገች። "ሠንጠረዥ 6፣ ገጽ 58 ይላል። እስቲ አሳየኝ።" ገለጥኩ። 58 ላይ ሌላ ነገር ነው ያለው። የሠንጠረዡ ርዕስ ገጽ 61 ግርጌ ላይ ብቻውን ቀርቷል፣ ሠንጠረዡ 62 ላይ። ስለ ፎርማት ላስረዳት ስሞክር "እኔ የማውቀው ወርድ ነው፤ ይዘህ ውጣ" አለችኝ። ሰው ፊት! እኔ ደግሞ ክላስ ውስጥ ስለ ነፃ ሶፍትዌር ስሰብክ የከረምኩ ሰው ነኝ።

3. አማካሪህ ኮሜንት የሚጽፈው በወርድ ከሆነ ኮፒውን በዶክኤክስ ላክለት፣ እርማቱን ግን ወደ ኦዲቲህ መልስ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ኦዲቲ ፋይሌ አልከፈት ሲል፣ ውስጡ ዚፕ (የታመቀ የፋይሎች ጥቅል) ስለሆነ ስሙን መጨረሻው ላይ ወደ ዚፕ ቀየርኩት። ውስጡ "ኮንተንት" የሚል ፋይል አለ። በኖትፓድ ስከፍተው ምዕራፍ ሦስት በምልክቶች መሀል ቁጭ ብሏል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል! ዶክኤክስም ውስጡ ዚፕ ነው፣ አልዋሽህም። የድሮውን የወርድ ፋይል፣ ዶክን (.doc) ግን እንዲህ ልታደርገው አትችልም።

ሁለተኛውን ዙር ጥራዝ ከፒዲኤፍ አሳትሜ ወሰድኩላት። ገልጣ እንኳን አላየችውም። ማህተሟን አሳርፋ "ቀጣይ!" አለች።