ስለ አረጋውያን የአእምሮ ጤና ጠይቁኝ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እዚሁ ጎንደር አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምሰራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ወላጅ ቤት የምትጦሩም ማእከል የምትሰሩም ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ እናቴ 71 አመቷ ነው፣ ሁሌ ራሴን ያቃጥለኛል ጨጓራዬን ትላለች፣ ምርመራው ሁሉ ኖርማል ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የኛ እናቶች ከፋኝ አይሉም እኮ፣ ራሴን ወገቤን ነው የሚሉት። ሌሊት 9 ሰአት ነቅታ እየተገላበጠች ታነጋለች? እህል ይበላላታል? ሰንበቴዋን ትታለች? እንዲህ ሆና ሁለት ሳምንት ካለፋት ድብርት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ የሚታከም በሽታ ነው እንጂ እርጅና አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና ክፍል) አለ፣ ውሰጃት።

ጥያቄ፦ አያታችን ከትናንት ጀምሮ ይቀባጥራሉ፣ የሞተ ወንድማቸውን ይጠራሉ። ጠበል ልንወስዳቸው ነው።

መልስ፦ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት! የመርሳት በሽታ በወራት በአመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ በአንድ ሁለት ቀን ድንገት የመጣ መቀባጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስሩ ሌላ ነገር አለ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ወይ የሳንባ ምች ወይ የውሃ እጥረት ወይ አዲስ የተጀመረ መድሃኒት፣ ትኩሳት ባይኖራቸውም እንዳትዘናጉ። የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ጠበሉን አልከለክልም፣ ሐኪሙ ይቅደም ነው የምለው።

ጥያቄ፦ አባቴ "ምነው በወሰደኝ" ማለት አብዝቷል፣ ልጠይቀው ፈራሁ።

መልስ፦ ጠይቀው ወንድሜ። "አባዬ፣ ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?" ማለት ሀሳቡን አያመጣበትም፣ እንደውም ይቀለዋል። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው፣ ፀረ-ተባይና የተጠራቀመ ኪኒን ካጠገቡ አርቅ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰደው።

ጥያቄ፦ ማእከል ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ግድግዳ ያያሉ፣ በጀት ደግሞ የለንም።

መልስ፦ ስራ ስጧቸው። እኛ ጋ ማንንም የማያናግሩ፣ ምግብ ሲቀርብ ፊታቸውን የሚያዞሩ እናት ነበሩ። ጥጥና እንዝርት አቀረብንላቸው፣ መጀመሪያ ዝም ብለው ዳሰሱት፣ ከዛ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር አወጡ፣ ትንሽ ቆይተው ወጣቶቹን ነርሶች "ኧረ እንዲህ አይደለም!" እያሉ መቆጣት ጀመሩ፣ ደስታችንን አትጠይቁኝ። ጥጥ መፍተል፣ ምስር መልቀም፣ ቡና ሲፈላ መመረቅ ብዙ ብር አይፈልግም። ጠዋት ፀሃይ ላይ አውጧቸው፣ ጆሯቸውንም አስመርምሩ፣ ያልሰማ ሰው ከጨዋታ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ዲያዜፓም ልስጥ?

መልስ፦ ያለ ሐኪም በፍፁም። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ያንገዳግዳቸውና ይወድቃሉ፣ ዳሌ ይሰበራል። ቆይተውበት ከሆነ ግን በአንዴ አታቋርጡት፣ ሐኪም ቀስ እያለ ይቀንስላቸው። የከሰአቱን ቡና አስቀሩ።