ጥርጣሬህን በሬዲዮ ተናገረው

«ድሮን ካሜራ ላይ ከተመደብኩ ስድስት ወሬ ነው። ማንም አይተኩስብኝም፤ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ፈሪ ሆኜ ነው? ዝውውር ልጠይቅ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔም እዚያ ወንበር ላይ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ስለ መሣሪያው አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ።

1. ፈሪ አይደለህም። እኔ እግረኛም ነበርኩ። እዚያ የምትተኩስበትን ሰው የምታየው ለቅጽበት ነው። እዚህ ግን ሲወጣ ሲገባ፣ ልጁን ሲያቅፍ ቀናት ታየዋለህ፤ ከዚያ ይመታል፤ ካሜራው ግን አይነሳም። ማን እንደወደቀ፣ ማን መጥቶ እንዳነሳው ቆጥረህ ሪፖርት ታደርጋለህ። ፈረቃህ ሲያልቅ ቤትህ ገብተህ እራት ትበላለህ። ባይከብድህ ነበር የምሰጋልህ።

2. ጥርጣሬ ሲገባህ ያኔውኑ፣ ድምፅህ በሚቀዳበት ሬዲዮ ተናገር። እኔን የበላኝ ዝምታዬ ነው። አንድ ሌሊት ሦስት ሰዎች መንገድ ዳር ይቆፍራሉ፤ «ፈንጂ እየቀበሩ ነው» ተባለ። በሙቀት ካሜራው ላይ ከሚቆፍሩበት ቦታ አንድ ጥቁር መስመር ቀስ እያለ ወደ ማሳው ሲዘረጋ አየሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ውሃ ነው። የመስኖ ተራ ሌሊትም ይደርሳል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አለቃዬ ቸኩሏል፣ ትእዛዙ ጸድቋል፣ «እነሱ ከኔ የበለጠ መረጃ አላቸው» አልኩ። ሚሳኤሉ የሚከተለውን ሌዘር ኢላማው ላይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሚሳኤሉ እስኪደርስ እንኳ ወደ ባዶ ሜዳ ማዞር እችል ነበር። አላዞርኩም። ከተመቱ በኋላ የፈነዳ የተቀበረ ፈንጂ አልነበረም። ውሃው እስኪነጋ ማሳው ላይ ሲሰፋ አየሁት።

ብዙ ሰዓት መመልከት ማወቅ እንዳይመስልህ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2021 ካቡል ላይ አንዲት ነጭ መኪና ስምንት ሰዓት ያህል ተከታትለው መቱ። የሞቱት 10 ሲቪሎች ነበሩ፤ 7ቱ ልጆች። ስህተት መሆኑን ያመኑት ከሳምንታት በኋላ ነው። የጦርነት ሕግ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል 1 አንቀጽ 50 ሲቪል መሆን አለመሆኑ ያጠራጠረ ሰው እንደ ሲቪል ይቆጠር ይላል፤ አንቀጽ 57 ደግሞ ኢላማው ወታደራዊ አለመሆኑ ከታወቀ ጥቃቱ እንዲቋረጥ ያዛል። ሁለቱን ቁጥሮች በቃልህ ያዝ። «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ሥራህ ነው።

3. ዝውውሩን በቃል አትጠይቅ። እኔ ጠይቄ መኮንኑ ፋይሌን እንኳ ሳይከፍት፣ ሰው በተሰለፈበት፣ «ግንባር ያሉት ምን ይበሉ? አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ!» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፤ ሁለት ዓመት አልተመለስኩም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሐኪሙም ጋ «እንቅልፍ አጣሁ» ብቻ ስላልኩ የእንቅልፍ ክኒን ይዤ ተመለስኩ። ያየኸውን፣ ከአእምሮህ ያልወጣውን ንገረው፤ ቦታና ስም ምስጢር ስለሆነ ተወው። ማመልከቻውን በጽሑፍ አድርገህ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ፣ ማህተም ያለበትን ቅጂ ያዝ። የኔ በሦስት ወር የተፈቀደው እንደዚያ ሳደርግ ነው።

በነዚያ ሁለት ዓመታት ግን ሁለት ጊዜ «ቁሙ» ብያለሁ። አንዴ ተቆጡኝና መቱ። ሁለተኛው ጊዜ ቆሙ። ከግቢው አንድ ጎባጣ ጥላ ወጣ፤ ጀርባው ላይ መሣሪያ የተሸከመ ይመስላል። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሕፃኑን ከጀርባዋ ስታወርደው ነው ሁለት መሆናቸውን ያየነው።