ፍላሹ እምቢ ያለበት ቁጥር

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ኮፒ ላደርግ ብል እምቢ አለኝ። ፍላሹ 32 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ ቪዲዮው ደግሞ 5 ጊጋ እንኳን አይሞላም። ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ «ከ4,294,967,295 ባይት በላይ አይቀበልም» ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? መጨረሻው 5 ስለሆነ በ5 እንደሚካፈል ገብቶኛል፤ ሌላ አካፋይስ አለው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰርጉን እንጨርስ። ፍላሽህ ፋት32 በሚባለው አሠራር ነው የተዘጋጀው። እሱ የአንድን ፋይል መጠን የሚጽፈው 32 ቦታ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ 0 ወይም 1 ብቻ ይይዛል። ሁሉም 1 ሲሆኑ የሚወጣው ትልቁ ቁጥር ያ ልጅ የነገረህ ነው፤ 4 ጊጋ ገደማ መሆኑ ነው። ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው ሌላ አሠራር፣ ኤክስፋት ብለህ ፎርማት አድርገው፣ ያልፍልሃል። ፎርማት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ግን ፍላሹ እውነት ባዶ መሆኑን እይ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። አኃዞቹን ደምር፣ 57 ይመጣል፤ 57 በ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም በ3 ይካፈላል። ከዚህ በኋላ በ7፣ በ11፣ በ13 እያልክ መሞከር ትችላለህ፣ ወረቀት ትጨርሳለህ እንጂ ሦስቱም አይሠሩም። አቋራጭ አለ። 10 በ10 ሲባዛ 100 ነው፤ አንድ ቀንስ፣ 99፤ እሱ ደግሞ 9 በ11 ነው። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት ከታቹና ከላዩ ያሉት ጎረቤቶቹ ብዜት ይሆናል። የኛ ቁጥር 65,536 በራሱ ተባዝቶ አንድ የተቀነሰለት ነው፤ ስለዚህ 65,535 በ65,537 ማለት ነው። 65,535ም በተራው 255 በ257 ነው፤ 255 ደግሞ 15 በ17፤ 15 ደግሞ 3 በ5። አለቀ! 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አምስቱም ከራሳቸውና ከ1 በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ ብቸኛ ወይም ፕራይም የምንላቸው ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱም ሁለቴ አልመጣም። 1ንና ራሱን ጨምረህ በጠቅላላው 32 አካፋይ አለው ማለት ነው።

እነዚህን አምስቱን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ፌርማ ያውቃቸው ነበር። እያንዳንዱ የሚወጣው ከሱ በፊት ያሉት ሁሉ ተባዝተው 2 ሲጨመርበት ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ከኛ ቁጥር በ2 ብቻ የሚበልጠው 4,294,967,297 ነው፤ እሱም፣ ከሱ በኋላ የሚመጡትም ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ተሳሳተ። እ.ኤ.አ. በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ቁጥሩ 641 በ6,700,417 መሆኑን አሳየ። ሰውየው በጭፍን አልሞከረም፤ አካፋይ ካለው ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን እንዳለበት ደረሰበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ነው የሚሄዱት። አምስተኛው ላይ ያዘው! እኔ ይሄን ሳነብ ነው ሒሳብ ጉልበት ሳይሆን ብልጠት እንደሆነ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የፌርማ ስድስተኛ ብቸኛ ቁጥር ያገኘ የለም።

ስለዚህ የፍላሽህ ቁጥር ሌላም ማዕረግ አለው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1796፣ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ 17 እኩል ጎን ያለው ምስል መሥራት እንደሚቻል አረጋገጠ። የጎኖቹ ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን የሚሠራው የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ያለ ድግግሞሽ ተባዝተው ከወጡ ብቻ ነው፤ እስካሁን ከሚታወቁት ትልቁ ደግሞ 4,294,967,295 ጎን ያለው ነው። በወረቀት ላይ ቢሠራ ከክብ የሚለየው ዓይን የለም። ሄርሜስ የሚባል ጀርመናዊ ባለ 65,537ቱን አሠራር ሲጽፍ 10 ዓመት ፈጀበት፤ ወረቀቱም ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በሻንጣ ተቀምጧል። አንተ ፎርማቱን በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለህ።